የቅሬው ቀይ መኪና

ገዛኸኝ ከሞተም በኋላ የሚያስቀኝ ሰው ነው። ባለፈው ጥር ነው የቀበርነው። በሠልስቱም በአርባውም ሰው ሁሉ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ሽንኩርት እርሻው፣ እንግዳ ስለ መውደዱ አወራ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። በሆዴ ግን የማስበው ስለ ቀዩ መኪናው ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ መሳቅ ነውር ስለሆነ ጋቢዬን አፌ ላይ ጭኜ ጎንበስ አልኩ፤ አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ሐዘኑ የጠናብኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ። ያኔ ያላወራሁትን ይኸው አሁን ልጻፈው።

ገዛኸኝ ከቆቦ ወጣ ብሎ በሆርማት ወንዝ ዳር መሬት ነበረው። በፓምፕ ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ጦርነቱ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ነካ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ማሽላ ዘርተው እሱ ብቻ ሽንኩርት ተክሎ ስለነበር በአንድ በጋ ሀብታም ሆነ። ሰው ምን ይገዛ ይሆን ብሎ ጠበቀ። አንዱ አይሱዙ ነው ይላል፣ አንዱ ወልድያ ላይ ቤት ነው ይላል፣ እኔ ሁለተኛ ፓምፕ ነው ብዬ ነበር። እሱ አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ሳምንት ቆየና ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ መጣ።

ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር። ከመሬት ያለው ከፍታ ድመት ጎንበስ ሳትል አታልፍበትም። ሞተሩ ሲነሳ የወፍጮ ቤቴ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ የወፍጮ ድምፅ የለመድኩት ሰውዬ ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ። ልጅ ሳለን ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ እንዲህ ያለ መኪና ነበር፤ ገዛኸኝ እሱን ለማየት ሲል በየሳምንቱ ፀጉሩን ስለሚላጭ እናቱ ቅማል ያለበት መስሏት ነበር። ሥዕሉ አሁን ከግድግዳ ወርዶ አስፋልት ላይ ቆመ።

መጀመሪያ የመጣው ባለባጃጁ ረመዳን ነው። ዞሮ ዞሮ አየውና፣

«ገዛኸኝ፣ ግማሹን የት ጣልከው?» አለ።

«የምኑን ግማሽ?»

«የመኪናውን ነዋ! ከወገቡ በላይ የለም እኮ።»

«አንተ የምታውቀው ባጃጅ ነው። ይህ በሰዓት ሁለት መቶ ሰማንያ ይሄዳል።»

«ወዴት?» አለ ረመዳን።

ረመዳን እውነቱን ነው። ከአስፋልቱ ከወረድን መንገዳችን አሸዋና የጎርፍ ቦይ ነው። ከአስፋልቱ ካልወረድን ደግሞ አህያ አለ፣ ግመል አለ፣ በየሁለት መቶ እርምጃው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ጉብታው ጋ ሲደርስ የመኪናው ሆድ ይቀመጥበታል። ያን ጊዜ ገዛኸኝ ይወርዳል፣ እኔም እወርዳለሁ፣ ከመንገድ ዳር ሦስት ሰው ይጠራል፣ አንስተን እናሻግረዋለን። ሁለት ሰው ለመጫን አምስት ሰው የሚፈልግ መኪና ከዚያ በፊት አላየሁም። ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

እሱ ግን ደስታው ልክ አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት ለፀጉር በሚሆን ሳሙና ያጥበዋል፣ በገዛ ጋቢው ያደርቀዋል፣ ፀሐይ እንዳይነካው የሽንኩርቱን ሸራ ያለብሰዋል። ያን ወር ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ዋለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልቡ ሌላም ቦታ ነበር። ዋጃ ላይ የሻረግ የምትባል የዘር ሱቅ ያላት ልጅ አለች። ቀጥ ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል፣ ስትስቅ ደግሞ የማታስታውቅ ናት። ገዛኸኝ የሽንኩርት ዘር የሚገዛው ከእሷ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ሊገዛው የሚችለውን ዘር በአሥራ አንድ ጊዜ ገዛው። ልጅቱም ነገሩ ገብቷት ነበርና አንድ ቀን እኔው ፊት እንዲህ አለችው፤

«ገዛኸኝ፣ እኔ አንተን አልጠላሁም። ግን እናቴ እሺ ካላለች የለሁበትም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እኔንና ወንድሜን ብቻዋን ነው ያሳደገችን። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት መጥተህ ትይህ።»

«እመጣለሁ። በመኪናዬ መጥቼ እወስዳትና ቆቦን አስጎበኛታለሁ።»

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

ሁለቱንም ወንበሮች አየ። እኔንም አየኝ። ጥፋቱ የእኔ ይመስል!

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። የእናቲቱን የእትዬ ሸዋዬን እሺታ ካገኘ የሻረግን ያገኛል፤ ካላገኘ ከዘሩ ጋር ይቀራል።

ከዚያ ቅሬው መጣ። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። የእኛ ቅሬ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው፤ ሰው ሲሞት አብረን እንቀብራለን። የሞተ ሰው ዘመድ ዋጃ ወይም ሮቢት ወይም ጎብዬ ካለ ቅሬው መልእክተኛ ይልካል። ስልክ አለ፤ ነገር ግን መርዶ በስልክ መንገር እኛ ዘንድ ሰውን እንደ መናቅ ነው። መልእክተኛው ሰው ቤት ዘው ብሎ አይገባም። መንደሩ ጫፍ ላይ ይወርዳል፣ ለአንድ ሽማግሌ በጆሮው ይነግራል፣ ሽማግሌው ጎረቤት ይሰበስባል፣ ከዚያ በዝግታ ተገብቶ ይነገራል።

አንድ ረፋድ ሐጂ ሙዓዊያ አረፉ። እስላም ቶሎ ነው የሚቀበረው፤ ልጃቸው ደግሞ ጎብዬ ነው ያለችው። የቅሬው ዳኛ አያ ፈንታው ወዲያ ወዲህ ቢያዩ ያ ቀይ ነገር ሸራ ለብሶ ቆሟል።

«ገዛኸኝ» አሉ፣ «ይህ ነገር ፈጣን ነው አይደል?»

«በሰዓት ሁለት መቶ ሰማንያ ነው፣ አያ ፈንታው።»

«ቁጥሩን ተወውና ተነሥ።»

ገዛኸኝ ለሟቹ አዘነ፤ ከልቡ ነው ያዘነው። ግን ሸራውን ሲገፍ እጁ የሰርግ ስጦታ እንደሚፈታ ሰው ይቸኩል ነበር። እኔንም ጭኖ በአስፋልቱ ለቀቀው። ጎብዬ እስክንደርስ ዓይኔን አልገለጥኩም። ሲመለስ ወንበሬን ለሟቹ ልጅ ለቅቄ እኔ በሽንኩርት መኪና ላይ ተጭኜ መጣሁ። ቀብሩ በሰዓቱ ደረሰ። ልጅቱ አባቷን አይታ ሸኘች። ሰው ሁሉ ገዛኸኝን መረቀው። አያ ፈንታውም እዚያው ቀብሩ ላይ ተነሥተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ የቅሬው መልእክተኛ ገዛኸኝ ነው» አሉ። እሱ ያን ቀን ሚኒስትር የተሾመ ያህል ነው ደረቱን ነፍቶ የገባው። መኪናው በመጨረሻ የሚሄድበት ቦታ አገኘ።

ክረምቱ እስኪገባ ሰባት መርዶ አደረሰ። ስህተታችን የገባን ዘግይቶ ነው። መልእክተኛ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው ብያለሁ። ይህ መኪና ግን ቀስ ብሎ መግባት አያውቅም፤ መንደሩ ሳይታየው ድምፁ ይደርሳል። ሽማግሌው በጆሮው እስኪነገረው ድረስ መንደሩ ሁሉ ራሱን ይዟል። ቀስ በቀስ ሰው ድምፁን ለየው። ከሮቢት እስከ ዋጃ ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ በቤተሰቡ ውስጥ ማን ታምሞ እንደነበር ማሰብ ጀመረ።

ሮቢት ላይ ሴቶች ጀሪካን ጥለው ይቆማሉ። አንዴ ለፓምፑ ናፍጣ ሊገዛ ሲያልፍ የሰርግ ድንኳን አጠገብ ደረሰ፤ ከበሮው ቀጥ አለ፣ ሙሽራው ከመቀመጫው ተነሣ፣ እስኪያልፍ ድረስ አንድም ሰው አልጎረሰም። ነዳጅ ማደያ ደግሞ ሰልፉን ለቀው ያስቀድሙታል፤ «ቅዱለት ቶሎ፣ ሰው እየጠበቀው ነው» ይላሉ። እውነቱን ልናገርና ይህቺኛዋን ይወዳት ነበር።

ጎብዬ ላይ ሙዝ ልንገዛ ቆመን አንድ ትልቅ ሰውዬ መጥቶ የመኪናውን በር ያዘ።

«ንገረኝ» አለ። «እኔ ወንድ ነኝ፣ እችለዋለሁ።»

«ምንም የለም፣ ጋሼ። ሙዝ ልገዛ ነው።»

«ይሁን፣ ሙዙን ትገዛለህ። ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም ስልዎት!»

«ወንድሜ ነው አይደል? ገና ትናንት በስልክ ሲያስል ሰምቼዋለሁ።»

ሰውዬውን ለምነን ወንድሙ ጋ ብናስደውለው፣ ወንድሙ «ደህና ነኝ» ቢለውም አላመነም፤ «ለምን ሙዝ ከቆቦ አልገዛችሁም?» ብሎ ጠየቀን። ሙዙን ሳንገዛ ተመለስን።

ገዛኸኝ በማግሥቱ አያ ፈንታው ዘንድ ሄደ።

«አያ ፈንታው፣ ከመልእክተኛነቱ ይልቀቁኝ። ሰው እያየኝ እየደነገጠ ነው።»

«እንዴት ብለን እንለቅሃለን፣ ልጄ? ሰው በባጃጅ የመጣ መርዶ ማመን ትቷል! ባለፈው አንተ ወልድያ ሳለህ ረመዳንን ወደ ዋጃ ብንልከው፣ ‹እስቲ ቀዩ ይምጣና እናያለን› ብለው መለሱት።»

«ወላሂ እውነት ነው» አለ እዚያው የነበረው ረመዳን። «ሰውየውን እንዲሞት ያደረግኩት እኔ ይመስል ተቆጡኝ።»

ወደ እትዬ ሸዋዬ የሚሄድበት ቀን በዚህ መሐል ደረሰ። የሻረግ ስልክ ደውላ፣ «ቅዳሜ ከሰዓት ና። ለእናቴ እንግዳ አለ ብያታለሁ። በባጃጅ ና» አለችው። ደግማም «በባጃጅ» አለች። እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ወፍጮውን ዘግቼ ብሄድ መኪናውን አጥቦ ጨርሷል። ማጠቡ ይሁን። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ነጭ ሪባን አስሮበታል፣ በሁለቱም በር ላይ የላስቲክ አበባ ሰክቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰው አይቶ የደስታ መሆኑን እንዲያውቅ ነው» አለኝ። «ለቅሶ የሚሄድ መኪና አበባ አያስርም።»

«በባጃጅ ና ብላሃለች እኮ።»

«አቦ ታረቀኝ! ይህን የሚያህል መኪና ይዤ በረመዳን ባጃጅ ተጣጥፌ ልሂድ? ሴትዮዋ ምን ትለኛለች?»

ምን እንዳሉት ልነግራችሁ ነው።

እኛ ያላወቅነው አንድ ነገር ነበር። የየሻረግ ወንድም ዮናስ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሊያገባ ቀን ተቆርጦለታል። እትዬ ሸዋዬ እሱ መንገድ ላይ በሆነ ቁጥር እንቅልፍ የላቸውም። ያን ቀን ዮናስ መንገድ ላይ ነበር።

ዋጃ ስንገባ ገዛኸኝ ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ ጥሩምባውን በሰርግ አመታት ይነፋ ጀመር። በየበሩ ሰው ወጣ። የሻረግ ቤት ደጃፍ ስንቆም እትዬ ሸዋዬ በር ላይ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት። መኪናውን አዩ። ነጩን ሪባን አዩ። አበባውን አዩ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ራሳቸው ሄደ።

«ሙሽራዬን!» አሉ። «ሙሽራዬን!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ይከብዳል። የሻረግ ከቤት ሮጣ ወጥታ ገዛኸኝን ክንዱን ያዘችው። «ዮናስ ነው? ዮናስ ነው ወይ?» ትላለች። እሱ ዮናስ ለሚባል ሰው ቀን መቆረጡንም መንገድ መውጣቱንም አያውቅም፤ አፉን ከፍቶ ቀረ። መልእክተኛ ደግሞ ሲጠየቅ ዝም ነው የሚለው፤ ስለዚህ ዝምታው ነገሩን አረጋገጠው። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ወደ አጥሩ ጎትተው ወሰዱት።

«ለእኔ ንገረኝ» አሉት።

«አባቴ፣ ምንም የለም። ልጅቱን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ጎበዝ! እንዲህ ነው። ለሴቶቹ አሁን አትንገራቸው» ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ጎረቤቱ ሞላ። የዮናስ ስልክ ይደወላል፣ አይነሳም። እንደገና ይደወላል፣ ጥሪ አይቀበልም ይላል። የዋጃ ቅሬ የድንኳኑን ቋሚ ይዞ መጣ። እኔ በየሰዉ መሐል «የሞተ ሰው የለም!» እያልኩ እዞራለሁ፤ «አይዞህ፣ አንተም ጓደኛው ነህ መሰለኝ» ይሉኛል። ዞር ብዬ ገዛኸኝን ባየው ግድግዳ ተደግፎ እንባው ይወርዳል።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?»

«ታረቀኝ» አለኝ፣ «ምናልባት እውነት ሞቶ ቢሆንስ?»

«ማን ነግሮህ?»

«ሁሉም ያለቅሳል እኮ!»

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆንን። ድንኳኑ በግማሽ ተተክሏል። ያን ጊዜ የየሻረግ ስልክ ጮኸ። አነሣችው፣ ሰማች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሰማች።

«ሎጊያ ነኝ፣ ምሳ እየበላሁ ነው» ይላል ዮናስ። «መንገድ ላይ ኔትወርክ አልነበረም። ሃያ ሦስት ጊዜ ደውላችኋል፣ ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

ጩኸቱ ወደ እልልታ ተለወጠ። ሴቶች እየዘለሉ ተቃቀፉ። ቋሚውን የያዙት ሰዎች ይትከሉት ይንቀሉት ግራ ገብቷቸው ቆሙ። እትዬ ሸዋዬ ብቻ እልል አላሉም። ስልኩን ተቀብለው የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ፤ «ብላ፣ ልጄ፣ ብላ» አሉት፤ መልሰው ሰጡ። ከዚያ ገዛኸኝን ጠሩት። ከፊታቸው ቆመ። ሪባኑ አንዱ ትከሻው ላይ ተጣብቆበት ነበር።

«ስምህ ማን ነው?»

«ገዛኸኝ።»

«የሻረግ እንግዳ ይመጣል ያለችኝ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ክፉ ልጅ አይደለህም። ለማታውቀው ሰው ስታለቅስ አይቼሃለሁ። ግን ይህ ነገር ደጄ ላይ ሲጮህ እኔ ዛሬ ልጄን ቀብሬዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ አልቀብረውም። ዳግመኛ እዚህ ደጅ እንዳይቆም።»

«መኪናው ነው፣ እትዬ፣ ወይስ እኔም?»

«እኔ ለይቼ አላውቃችሁም» አሉ። በሩንም ዘጉ።

የሻረግ አጥሩ ድረስ ሸኘችን። ዓይኗ አብጧል። «በባጃጅ ብዬህ ነበር» ብቻ ነው ያለችው። በቁጣ ብትለው ይሻለው ነበር። እንዲያው ደክሟት ነው ያለችው።

ወደ ቆቦ ስንመለስ በሠላሳ ነበር የሚነዳው። ባጃጅ አለፈን። ሣር የጫነ ጋሪ ሊያልፈን ትንሽ ቀረው። ሪባኑ በነፋስ እየተፈታ ከኋላችን ይጎተታል። ዞብል ተራራ ላይ ፀሐዩ ቀልቷል፤ እሱ ግን ወደ ምንም አያይም።

«ታረቀኝ» አለኝ፣ «ይህ መኪና ምን ያደርግልኛል?»

ላጽናናው ብዬ «በሰዓት ሁለት መቶ ሰማንያ ይሄዳል» አልኩት።

ፍጥነቱን ወደ ሃያ ዝቅ አደረገው።

ከዚያ ቀን በኋላ ፍቅሩ አለቀ። በአንድ ቀን አይደለም፤ እንደ ጀሪካን ስንጥቅ ቀስ እያለ ፈሰሰ። መጀመሪያ ሳሙናውን ተወ። ቀጥሎ ማጠቡን ተወ። ሸራውን ገፎ ለሽንኩርቱ መለሰለት፤ መኪናው አቧራ ለብሶ ቀይ ይሁን ግራጫ የማይለይ ሆነ። ዶሮዎች ወንበሩ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ፤ በአንዱ መስኮት ይገባሉ፣ በአንዱ ይወጣሉ። አንድ ጠዋት ብሄድ በጎን መስታወቱ እያየ ጢሙን ሲላጭ አገኘሁት። «ቢያንስ ለዚህ ይሁን» አለ።

ቅሬው መርዶ አለ ብሎ ሲመጣ ገዛኸኝ ባትሪው ሞቷል አላቸው፤ እውነቱን ነበር። አያ ፈንታው መኪናውን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ቀና ብላ አየቻቸው። መርዶ የማድረሱ ሥራ ወደ ረመዳን ተመለሰ። ለጥቂት ጊዜ ሰው «ቀዩስ?» እያለ አስቸገረው፤ ኋላ ለመደ።

መኪናውን የገዛው ለሰርግ ቪዲዮ የሚያከራይ የአዳማ ሰው ነው። አይነሳም ነበርና አይሱዙ ላይ አውጥተን አሰርነው። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የዚያ የፀጉር ቤት ሥዕል ነገር ታወሰኝ። ገዛኸኝን ብፈልገው የለም። ከፓምፑ ሥር ተኝቶ የውኃውን ጎማ ሲቀይር አገኘሁት።

«እየሄደ ነው» አልኩት።

«ማን?» አለ። ከዚያ ገባውና፣ «እሱማ ይሂድ። አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ» አለኝ።

ሾፌሩ በኋላ እንደነገረን ሮቢት ላይ ሲቆም አንዲት ሴት አይሱዙ ላይ የተጋደመውን አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ውይ! እሱም ሞተ?» ብላለች።

እንግዲህ መኪናው ሄዷል፤ የእትዬ ሸዋዬ በር ግን እንደተዘጋ ነው። የሻረግ ስልክ ታነሣለታለች፤ ስለ ዘር ያወራሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። «እናትሽስ?» ሲላት ወደ ዘሩ ወሬ ትመለሳለች። ሽማግሌ እንላክ አልኩት። «አይሆንም። እንደ መጀመሪያው ቀን ቸኩዬ አልሄድም» አለ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በሚኒባስ ተሳፍሮ ዋጃ ወረደ። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ መንደሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ቀስ ብሎ ሄደ። የሻረግ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ቀስ ማለቱ ከመጠን አልፎ ነበርና እትዬ ሸዋዬ ማሽላ ሲለቅሙ ድንገት ከኋላቸው ቆሞ አገኙት። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ምነው! ሰው ድምፅ ሳያሰማ ይገባል?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም የምነግርዎት ነገር የለም። ደህና መሆንዎን ልጠይቅ ነው።»

ሰፌዱን አነሡ። «ደህና ነኝ» አሉ። የፈሰሰውን ማሽላ ተቀምጦ ለቀመና ተነሥቶ ሄደ። የዚያን ቀን ነገሩ ይኸው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ «ምን አልካቸው?» ብዬ ብጠይቀው «ምንም» አለኝ፤ እኔም የተቆጣ መስሎኝ ወሬ ቀየርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደ። «ምን ልትነግረኝ ነው?» «ምንም፣ እትዬ።» በሦስተኛውም ሄደ። ከእሳቸው ጋር ሁለት ቃል፣ ከየሻረግ ጋር ደግሞ አንገት መድፋት፤ ከዚያ ሚኒባስ። ረመዳን «ወሬ የሌለው መልእክተኛ ሆንክ» እያለ ሳቀበት። ዝናብ በጣለበት ቅዳሜም ሄደ፣ ሽንኩርት በሚነቀልበት ቅዳሜም ሄደ። ዮናስ አገባ፤ ሰርጉ ላይ ማንም ሳይጠራው ወጥ ሲያመላልስ ዋለ። እትዬ ሸዋዬ በሩ ላይ ሲያዩት ይቆሙ የነበረው፣ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ይወስዱ የነበረው፣ ቀስ በቀስ ቀነሰ። አንድ ቅዳሜ ሲገባ ቀናም አላሉም፤ «የሻረግ፣ ያ ሰውዬ መጥቷል፣ ውኃ ስጪው» አሉ። የዚያን ዕለት ሚኒባስ ውስጥ ከዋጃ እስከ ቆቦ እየዘፈነ መጣ። ድምፁ የሚያምር ሰው አልነበረም፤ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየን።

ሽማግሌ ላክን። አያ ፈንታው፣ ሌላው የቅሬው ሽማግሌ አቶ ሙሀመድሰይድና እኔ በረመዳን ባጃጅ ተጨናንቀን ሄድን። ገዛኸኝ ቆቦ ይጠብቅ ተብሎ ነበር፤ አላስቻለውም፣ በሚኒባስ ቀድሞን ደርሶ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እንዳላየነው ሆነን ገባን። እንደ ወጉ እሺ እስክንባል አንቀመጥም ብለን ቆምን። አያ ፈንታው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለካ ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የቅሬ ዳኛ ሆነው ሰው ቤት ገብተው የሚናገሩት ንግግር አንድ ብቻ ነው።

«እንግዲህ፣ እትዬ ሸዋዬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልብዎን ጠንከር ያድርጉ።»

የአያ ፈንታውን ጋቢ ጎተትኩ። አቶ ሙሀመድሰይድ «አላህ!» አሉ በስሱ። ከአጥሩ ውጭ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ።

እትዬ ሸዋዬ ግን አልተነሡም። እጃቸውም ወደ ራሳቸው አልሄደም። አያ ፈንታውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው፤ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ትንሽ ነገር እንቅስቅስ አለ።

«አያ ፈንታው» አሉ፣ «ለልጄ ነው የመጣችሁት ወይስ ለእኔ ተዝካር? ተቀመጡ ይልቅ። የሻረግ፣ መቀመጫ አውጪ። ያ ከአጥር ውጭ የወደቀውም ይግባ፤ ፀሐይ ይመታዋል።»